አናቱ የተቆረጠ ዘንባባ

ጦጢት ይሏታል፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ዘንባባ ላይ ስትወጣ ያየ ሰው ሁሉ ስሙ እንደሚገባት ያምናል፤ እሷም በደህና ቀን ትስቅበታለች። ዛሬ ግን ደህና ቀን አይደለም።

ወንዙ ዳር ያሉትን ሃያ ሦስት ዛፎች የተከሏቸው አባቷ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ለሆሳዕና የሚያድለውን ዘንባባ ድሮ እሳቸው ያመጡ ነበር፣ አሁን እሷ ታመጣለች። ወገቧን በገመድ ከግንዱ ጋር አስራ ትወጣና ከየዛፉ ከዳር ከዳሩ ሁለት ሁለት ዝንጣፊ ብቻ ትቆርጣለች። መሃል አናቱ ላይ ያለውን ለጋ ንክች አታደርገውም። አናቱ የተቆረጠ ዘንባባ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ እንደቆመ ይደርቃል።

አይ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ! ዘንድሮ «ሰው ነጩን ለጋ ነው የሚወደው» ብሎ በመኪና ቆራጮች ላከ። ለእሷ ትንፍሽ ያለላት የለም። ጠዋት ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትደርስ፣ ሃያ ሦስቱም አናታቸው በመጋዝ ተቆርጦ እንደ ስልክ እንጨት ተገትረዋል። እንባ አልመጣላትም፤ ደሟ ፈላ እንጂ።

የኮሚቴውን ሊቀ መንበር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ ለጋውን በእርጥብ ጆንያ ሲጠቀልል አገኘችው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«እትዬ፣ ተረጋጊ እንጂ። ወንዝ ዳር የሁሉም ነው። ደግሞስ ለእግዚአብሔር አይደል?»

«በሱ አታሳብ! መጋዝ ላክልኝ አለህ?»

«ቅጠል እኮ ነው፣ ይበቅላል።»

«ይበቅላል? ያንተን አናት ብቆርጠው ይበቅላል?» ጆንያውን በእግሯ ገፋችው፤ ለጋው ወለሉ ላይ ተበተነ። «አባቴ ተክለውት እኔ እስክወጣበት ሃያ ዓመት ፈጅቷል። ሃያ ዓመት! ባንድ ቀን ጨረሳችሁት!»

ሰውየው አንገቱን ሲደፋ አይታ፣ ገባው ማለት ነው ብላ ትንሽ በረድ አለች። እሱ ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ለቃቀመና፣

«እንግዲህ የሆነው ሆኗል። ለከርሞ ዘንባባ ያለበት ሌላ ቦታ ታውቂያለሽ?» አላት።

ታውቃለች። ከወንዙ ማዶ፣ ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ አሥራ አንድ ዛፍ አለ።

«አላውቅም» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው፤ ንስሐ እንደማትገባበትም እዚያው ቆማ ወሰነች።