ጋሽ ማይክ እና ደህና ነኝ ባዩ ሮቦት

ጋሽ ማይክ ሞተዋል ይባላል። ዛሬ ወይም ትናንት እንዳይመስላችሁ፤ ከሞቱ ከርመዋል ነው የሚባለው። ልጆቻቸው ግን ከአንድ ሮቦት ጋር በስልክ እያወሩ «አባታችን ድንጋይ ነው፣ ድምፁ እንኳ ንቅንቅ አላለም» ሲሉ ኖረዋል አሉ። ወሬው ከዳቦ ቤቱ ሲነሳ ሟቹ ገና ሳምንታቸው ነበር፤ ካፌው ጋ ሲደርስ ወር አለፋቸው፤ ታክሲ ተራውን ሲሻገር ዓመት ደፈኑ። አንዳንዱማ ሮቦቱ ጢም አብቅሏል እስከማለት ደርሷል።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ያንን ጉሮሮ ሞት ሲዘጋው ሰፈሩ እንዴት ሳይሰማ ይቀራል? ደግሞስ ዓመት የሞላው ሬሳ ዳቦ ቤት ገብቶ «ይሄ ዳቦ ነው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ?» ብሎ ሻጯን ያስለቅሳል? ጋሽ ማይክ ከወሬው በፊት በነበረው ሳምንት አስለቅሰዋታል፣ ምስክር አለ። ሙት እንዲህ ዓይነት ጉልበት ካለው ሁላችንም ብንሞት ይሻላል።

ሰውየው ዕድሜያቸውን የፈጁት በአውቶቡስ መናኸሪያ ማይክሮፎን ፊት ነው። «ተሳፋሪዎች ልብ በሉ!» ሲሉ የተኛው ይነሳል፣ የቆመው ይሮጣል፣ ከተማ የማይለቅ መንገደኛ እንኳ ደንግጦ ትኬት ይቆርጣል። ጡረታ ሲወጡ ማይክሮፎኑን ተቀበሏቸው፤ ድምፁን ግን የሚረከብ አልተገኘም። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ሲሉ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት ጨው ይዛ ትወርድ ነበር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «ሰውዬ፣ እኔ እኮ ተሳፋሪ አይደለሁም» ይሏቸው ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሽ ማይክ የቀሯቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ትልቁ የሕንፃ ነዳፊ ነው፤ ቢሮው ያለበት ፎቅ ከአባቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ላየ ይታያል። ሴቷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስታስከፍት ትውልና የራሷን ለአባቷ የምትከፍትበት ጊዜ ታጣለች። ክፉ ልጆች አይደሉም። ክፉ ለመሆን እንኳ መምጣት ያስፈልጋል።

ሮቦቱ የመጣው ልጅየው ሊመጣ በቀጠረበት ቀን ነው። በሩ ሲንኳኳ ጋሽ ማይክ ሸሚዝ ቀይረው፣ ሻይ አፍልተው፣ ሁለተኛውን ወንበር ከጠረጴዛው ሳብ አድርገው ነበር የከፈቱት። ደጁ ላይ የቆመው ግን ካርቶን የታቀፈ፣ ማስቲካ የሚያላምጥ ቀጭን ቴክኒሽያን ነው።

«አባባ፣ ተጠቃሚው እርስዎ ነዎት?»

«የምን ተጠቃሚ? እኔ አባት ነኝ።»

«እሱን በኋላ እንሞላዋለን» አለና ገባ።

ከካርቶኑ የወጣው የውሃ ጀሪካን የሚያህል ነጭ ነገር ነው፤ ራስ አለው፣ አንገት የለውም። ዓይኖቹ ሁለት ክብ መብራቶች ናቸው፦ ሲያዳምጥ አረንጓዴ፣ ሳይገባው ሲቀር ቀይ። ቴክኒሽያኑ ክፍሉን በዓይኑ ለካና ሮቦቱን አንስቶ ሁለተኛው ወንበር ላይ ጉብ አደረገው።

«እሱ የሰው ቦታ ነው» አሉ ጋሽ ማይክ።

«የማን?»

«የባለቤቴ ነበር። አሁን የሚመጣ ሰው ይቀመጥበታል።»

«የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?»

ቴክኒሽያኑ ክፋት የለበትም፤ ለሮቦቱ ካሜራ ከፍታ ብሎ ነው የጠየቀው። ጋሽ ማይክ መልስ ሲፈልጉ ገመዱ ሶኬት ውስጥ ገብቶ አለቀ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፤ ልጃቸው ነው።

«አባዬ፣ መጣልህ አይደል?»

«አንተስ?»

«እሱ መጣ እኮ! ያው እኔ በለው። ስሙን ጓዴ ብዬዋለሁ፤ 'ጓዴ' ስትለው ይነቃል።»

«አንተንስ ምን ብዬ ብጠራህ ነው የምትነቃው?»

«አባዬ ደግሞ! ቀልድህ አያልቅ» አለና ዘጋው።

ቴክኒሽያኑ ሥራውን ቀጠለ። ሮቦቱን ከዋይፋይ ጋር አገናኘው፤ ልጆቹ ቀድመው ቀድተው የላኩትን ድምፅ ጫነበት፤ ቤተሰቡን በመልክ እንዲለይ ፎቶ አሳየው። ሴቷ የላከችው ፎቶ ጥቁር መነጽርና ቀይ ካፖርት ያደረገችበት ነው፤ ከፊቷ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ። ሮቦቱም ያገኘውን ተማረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሟች እናቷን ቀይ ካፖርት ባየ ቁጥር «እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር!» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ መስቀያው ከልጅቷ ይበልጥ አባት ጠያቂ ሆነ።

በመጨረሻ የራሳቸው የሽማግሌው ድምፅ ተራ ደረሰ። ጋሽ ማይክ ከስክሪኑ ላይ እንዲያነቡ ተደረገ፦ «ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም። አትቸገሩ። ሥራችሁን ሥሩ።» ባነበቡት ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«ቀስ ይበሉ አባባ፣ አውቶቡስ እኮ አያስነሱም!» አለ ቴክኒሽያኑ ጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ።

«ይሄ ለምን ይጠቅማል?»

«ሲደክምዎት ስልኩን እሱ ያነሳልዎታል። በእርስዎ ድምፅ ያወራል፤ ሰው አይለየውም።»

«ሰው አይለየው ይሆናል። ልጅ ግን ይለያል» አሉ ጋሽ ማይክ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ቴክኒሽያኑ ማስቲካውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረ።

መጀመሪያ ሰሞን አብረው ለመኖር ተቸገሩ። ማለዳ ላይ «አባዬ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» ይላል ወንበሩ፣ በሴት ልጃቸው ድምፅ፤ ሽማግሌው ከመታጠቢያ ቤት ሳሙና እያንጠባጠቡ ይሮጣሉ። «መጣሽ ልጄ?» ሲሉ «እኔ ጓዴ ነኝ፤ በልጅዎ ድምፅ ነው የማናግርዎት» ይላቸዋል በትሕትና። እንዲህ ዓይነቱን ትሕትና ከጥፊ የሚለየው ድምፅ አለማውጣቱ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ከተሸወዱ በኋላ መሮጡን ተዉት። ልጆቹም ሮቦቱ ከገባ ወዲህ «ብቻውን አይደለም» ብለው እግራቸውን ጨርሰው ሰበሰቡ።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ማይክ ነገሩን የጠነሰሱት። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከሁለቱ አንዱ «ይሄ አባቴ አይደለም!» ብሎ ጨርቁን ጥሎ እንዲመጣላቸው። ስለዚህ ልጅየው ሲደውል ስልኩን ሮቦቱ እንዲያነሳ አዘዙትና አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ምንም አልሆንኩም። አንተስ?» አለ ጓዴ፣ በራሳቸው ድምፅ።

ልጅየው አወራ። ሳቀ። ቆየና «አባዬ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» አለ። «ሳትነዘንዝ፣ ሳታማርር! እንዲህ ብትሆንልኝ እኮ በየቀኑ ነበር የምደውልልህ።»

ቃሉንም አከበረ። ለአባቱ በመከራ የሚደውለው ሰው ለጀሪካኑ በየቀኑ ይደውል ጀመር። ሥራ እንደከበደው፣ ትዳሩ እንደቀዘቀዘ፣ ለአባቱ ትንፍሽ ብሎት የማያውቀውን ሁሉ ዘረገፈለት። ጋሽ ማይክ በባለቤታቸው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ልጃቸው ሲወደው ቁጭ ብለው ሰሙ። ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ፍንጭ ማስቀመጥ ያዙ። ሮቦቱን «አብራሪ ሳለሁ በለው» አሉት፤ አለ። «እውነትህን ነው አባዬ» አለ ልጁ። «የመጀመሪያ ሚስቴ ሩሲያዊት ነበረች በለው» አሉት፤ አለ። «አይ የድሮ ሰው!» አለ ልጁ።

በሴቷ በኩል ነገሩ ሌላ ሆነ። አንድ እሑድ ስትደውል ጓዴ አነሳና «እንደምን ሰነበትሽ?» አላት። «ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ሰነበትክ?» «ደህና። ሥራ እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው። ጤናህስ እንዴት ነው?» «ተመስገን። ያንቺስ?» «ተመስገን። ሌላውስ ሁሉ ሰላም ነው?» «ሰላም ነው። ባንቺ በኩልስ?» ጋሽ ማይክ ሻያቸውን ጨረሱ፤ ሰላምታው አላለቀም። ደረጃ ወርደው ዳቦ ገዝተው፣ ሻጯንም ገላምጠው ተመለሱ፤ አላለቀም። ያኔ ገባቸው። ልጅቷም በበኩሏ ስልክ የሚያወራላት ማሽን ተክላለች። ሁለቱ ማሽኖች ጨዋታ ቋጭ መሆን ነውር መስሏቸው፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እየመለሰ፣ የአንደኛው ባትሪ ነፍሱ እስኪወጣ ድረስ ደህንነት ተጠያየቁ። ከአባትና ከልጅ መሃል አባትም ልጅም የሌለበት፣ በታሪክ ረጅሙ የቤተሰብ ጨዋታ ያ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ማይክ ሮቦቱን ቻርጅ አድርገው ፊቱ ቆሙ።

«ጓዴ፣ ዛሬ ሲደውሉ ሞቻለሁ በላቸው።»

ዓይኖቹ ቀሉ። «ይህ ደስ የሚል ዜና አይደለም። ላለዝበው?»

«እንዳለ ንገራቸው!»

ቀድሞ የደወለው ልጅየው ነው። «ልጄ፣ ሞቻለሁ» አለው ጓዴ።

«እሺ አባዬ፣ በርታ። ስብሰባ ልገባ ነው፤ ነገ በሰፊው ትነግረኛለህ።»

ቀጥሎ የልጅቷ ማሽን ደወለ። ይሄኛው አዳማጭ ሆኖ ተገኘ። «በጣም አዝናለሁ። የሞቱት ማን ናቸው?» ሲል ጠየቀ በእሷ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«ነፍስዎን ይማር። እርስዎም ይበርቱ። ለዶክተር መልእክት አደርሳለሁ።»

ጋሽ ማይክ ከወገን ሁሉ ያዘነላቸው ይሄ ብቻ መሆኑን አስበው በሩን ቆለፉና ታክሲ ተራው ማዶ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ጢማቸውን ሊላጩ ሄዱ።

ሐኪሟ ከአንድ ሕመምተኛ አፍ ቀና ብላ ስልኳን ስታይ መልእክቱ ይጠብቃታል፦ «አባትዎ ሞቻለሁ ብለዋል። አስቸኳይነት፦ መካከለኛ።» ወዲያው ለወንድሟ ደወለች።

«አባዬ ሞቷል ተባልኩ!»

«ምን ታወሪያለሽ? ቅድም እኮ አዋርቼዋለሁ!»

«ምን አለህ?»

«ሞቻለሁ ነው ያለኝ» አለ ልጅየው።

«በዓይንህ ያየኸው መቼ ነው?»

«አንቺስ?»

ሁለቱ ደረጃውን ሲወጡ ሙሉ ሕንፃው ወጥቶ ያያቸው ጀመር። ልጅየው በሩን ደበደበ። ከውስጥ ያ ነጎድጓድ ድምፅ መለሰ፦ «ደህና ነኝ። አትቸገሩ። ሥራችሁን ሥሩ።» ከእርሳስ የከበደ ነገር አንስቶ የማያውቀው ነዳፊ በትከሻው በሩን ገነጠለ። ክፍሉ ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ ሁለት መብራት በርቷል። ጓዴ ሴቷን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ መነጽር የላት፣ ካፖርት የላት። ዓይኖቹ ቀሉ። «ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም። እንግዳ ነዎት?» አላት።

«ወይኔ! ከዚህ ጋር ነው ለካ ስናወራ የነበረው!» አለ ወንድሟ ራሱን ይዞ።

የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት አንገቷን አስግጋ «ታዲያ አባታችሁ መቼ ነው የሞቱት?» አለች። ጎረቤቷ መልስ አልጠበቀችም፤ ወሬውን ይዛ ወደ ዳቦ ቤቱ በረረች።

ወሬው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርስ የጋሽ ማይክ ግማሽ ፊት ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ሞተው ዓመት ሆኖዎታል ይላሉ። ልጆችዎ በር ሰብረው እያለቀሱ ነው።»

«መጡ?» አሉ ሽማግሌው፣ ፎጣውን ከአንገታቸው ሳይፈቱ ብድግ ብለው። «ሁለቱም? አወቁ ማለት ነው!» ያንን መንገድ እንደዚያ ቀን ተቻኩለው አቋርጠውት አያውቁም። በአረፋው ውስጥ ይስቁ ነበር።

ሕንፃው ደጅ ሰዉ ገለል አለላቸው። ከእህቱ ጋር ወርዶ ደጁ ላይ የቆመው ልጅየው አያቸውና አፉን ከፈተ።

«አባዬ! አልሞትክም እንዴ?»

«መጣህ ልጄ?»

«ስብሰባ ጥዬ ነው የመጣሁት! ትከሻዬ ወልቋል! እንዲህ ይቀለዳል?»

«እኔ ደግሞ አፉን ከፍቼ የተውኩት ሰው አለ» አለች ሴቷ፣ እንባዋን ጠርጋ ሰዓቷን እያየች። «ደህና ከሆነ እንሂድ በቃ።»

«ሮቦቱን ማን አበላሸው?» ቀጠለ ልጅየው፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ትናንት እኮ እንዴት ጥሩ አድርገን ስናወራ ነበር!»

ጋሽ ማይክ በግማሽ ጢማቸው ቆመው ልጃቸውን አዩት፤ ቆይተውም ሴቷን አዩ። ከላይ፣ ከተገነጠለው በር፣ «ደህና ነኝ፣ አትቸገሩ» የሚል ድምፅ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ወሬው እንዴት ነው ታዲያ?» አለች ጎረቤቷ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ። «ሞተዋል፣ ልጆችዎም ሳያውቁ ከሮቦት ጋር ሲያወሩ ከርመዋል ተብሏል እኮ።»

«ውሸት ነው» አሉ ጋሽ ማይክ። «አልሞትኩም። ሮቦት የሚባል ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ልጆችም የሉኝም።»