ውኃ የሚፈራው መመርመሪያ

ሞጣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «ለማስተርስዎ ምን ሠሩ?» ሲሉኝ «ውኃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ የሚለይ ቀለም» እላለሁ። «ይሠራል ወይ?» ብለው እንዳይቀጥሉ ወዲያው ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። ሰልችቶኛል።

ታላቅ እህቴ ከቢቸና ተድራ ስምጥ ሸለቆ ወርዳ ነበር፤ ባሏ እዚያ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ነው። የበኩር ልጇ የወተት ጥርሱን ጥሎ አዲሱን ሲያበቅል ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የሕፃን ጥርስ ገና ሳይበቅል ያበላሻል። አንድ ፋሲካ ልጆቿን ይዛ ወላጆቻችን ቤት ስትመጣ፣ ልጁ አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር የሚስቀው። ትንሿ እህቱ ገና ጡት መጣሏ ነው። እህቴ ከጉድጓዳቸው የቀዳችውን ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

«አንተ የምታጠናው ይኸንኑ አይደል? ውኃው ከሆነ ንገረኝ። ትንሿን ይዣት አልመለስም» አለችኝ።

ምን ልበላት? ያን ጊዜ ባሕር ዳር ገና እየተማርሁ ነበር። ቀለሜ ውኃ ባልሆነ ፈሳሽ ሲሟሟ፣ ፍሎራይድ ካገኘ ከቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል። ሕያው ሴል ውስጥ ገብቶ ፍሎራይዱን በማይክሮስኮፕ እንዲያሳየኝም እመኝ ነበር። ግን ትንሽ ውኃ ከነካው ቀዩ ይጠፋል። ውኃው ፍሎራይዱን አቅፎ ይይዘዋል፤ ለቀለሙ አይለቅለትም። ስንት ጊዜ ቀያየርሁት፣ ያው ነው። የዩኒቨርሲቲው ደኅና መለኪያ መሣሪያ ደግሞ ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠበቅለት ነበር። ቢሆንም ጠርሙሷን ይዤ ሄጄ ሞከርሁት። ቢጫ። ውኃው ንጹሕ ይሁን አይሁን ከዚያ የሚታወቅ ነገር የለም።

በዓሉ ሳያልፍ ተመልሼ ነገርኋቸው። አባታችን «ውኃ ሊመረምር የተሠራ ነገር ውኃ ይፈራል?» አሉ። ቆይተውም «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አሉኝ። አልተቀየምኋቸውም፤ እውነታቸውን ነው። እህቴ አልሳቀችም።

«እና ምን ላድርግ?»

«መሣሪያው እስኪጠገን ጠብቂ።»

«ጥርሷስ ይጠብቃል?»

በማግሥቱ ትንሿን ለእናታችን ትታ፣ ትልቁን ይዛ ተሳፈረች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞራ አላየችንም።

መሣሪያው ዘግይቶም ቢሆን ተጠገነ። እንደገና የላከችው ውኃ ሲለካ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ነበር። ስደውልላት «እንኳንም ተውኋት» አለች። ከዚያ ስለ ዝናብ ጠየቀችኝ።

እህቴ በየፋሲካው ትመጣለች። ባለፈው ፋሲካ ስትመጣ ልጅቷ የፊት ጥርሷን ቀይራ ጠበቀቻት። እናቴን «እማዬ» ነው የምትለው። ወላጅ እናቷን ደግሞ እኔ ስጠራት እየሰማች «እትዬ» ብላ ቀርታለች፤ ማንም አላረማትም፣ እህቴም ጭምር። ምሳ በልተን ስናበቃ ልጅቷ ከእህቴ ጎን ተቀመጠችና ፈገግ ብላ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ መቼ ነው የምትሄጂ?»

ጥርሷ ወተት ይመስላል። እህቴ ጥርስ ጥርሷን ታያታለች።