ቁጥር አርባ ሰባት ያለበት መድፍ

ሸረፈዲን ያየውን ዕቃ ሁሉ ካልፈታታ እንቅልፍ አይወስደውም። ሠርግ ተጠርቶ የግራሞፎኑን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ሙሽሮቹን ያለ ዘፈን ያስቀረ ሰው ነው። ስለዚህ በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.፣ ድሮ በጦርነቱ ከጣሊያን የተማረከውን መድፍ አድሶ ለመታሰቢያ እንዲያቆም እኛን የባቡር ጥገና ቤት ሰዎችን ወክሎ ሲመረጥ፣ የዕቃ ክፍሉ ጸሐፊ እኔ «አለቀልን» አልኩ።

ኮሚቴው የፈለገው ቀላል ነበር፤ ዝገቱ ይፋቅ፣ ቀለም ይቀባ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ይቁም። እሱ ግን የኋላ መዝጊያውን ፈታው። ውስጡን ሲፍቅ «47» የሚል ቁጥር ብቅ አለና እጁ ቀጥ አለ። በጥገና ቤታችን ሠራተኛ ሁሉ በጨረሰው ብረት ላይ የራሱን ቁጥር ይመታል። አርባ ሰባት ሸረፈዲንን ሙያ ያስተማረው የወልደ ማርያም ቁጥር ነበር።

ወልደ ማርያም በወረራው ዘመን ለጣሊያን ሠርቷል ተብሎ፣ «ባንዳ» እንደተባለ ነው የሞተው። ባለቤቱ እትዬ የሺአረግ ለቅሶ ቤት ሲገቡ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ወሬ ይቋረጥ ነበር። ይኸው እንግዲህ ማስረጃው ወጣ፤ የጠላትን መድፍ ጠግኗል።

«ፋቀው፤ ማንም አላየም» አልኩት።

«አቦ ቆይ፣ ጋሼ ምን እንደሠሩ ልየው።»

ሳሙና ቆርጦ ጥይቱ በሚቀመጥበት በኩል ለጠፈ፣ መዝጊያውን መልሶ ገጠመና የመድፉን ምላጭ ሳበ። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ሳሙናውን መውጋት ነበረበት፤ አልነካውም። መርፌውን አውጥቶ አገላበጠው። አልተሰበረም፤ ጫፉ በሞረድ አጥሮ፣ እንዳያስታውቅ እንደገና ተድበልብሏል። እንዲህ ያለ መድፍ አይተኩስም።

«ተሳስቶ ይሆናላ» አልኩ።

«ወላሂ፣ የሳሙናውን ሙከራ ማን ያስተማረኝ ይመስልሃል? ጋሽ ወልደ ማርያም በሳሙና ሳይሞክሩ ቁጥራቸውን መትተው አያውቁም። እያወቁ ነው ያሳጠሩት።»

አፈርኩ። «ባንዳ» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በምረቃው ዕለት መድፉ አረንጓዴ ተቀብቶ ቆመ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይቀባ ተወልውሏል። ሸረፈዲን ያገኘውን ሁሉ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረና አዲስ ሳሙና ለጥፎ፣ «እትዬ፣ የባለቤትዎን ሥራ ይሞክሩት» አለ።

እትዬ የሺአረግ ምላጩን ሳቡ። ሳሙናውን አውጥተው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጭረት የለበትም። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ሄዱ።

በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የተነሣሁላቸው እኔ ነኝ።