የእሁድ ውሃ

በእኛ ቤት የአቃቂ ወንዝ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ የሚነግረን የፋብሪካ ጡሩምባ ነበር። ከላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ ጠዋት ጡሩምባውን ከነፋ ላሟ ወንዝ አትወርድም፤ ከጉድጓድ በጀሪካን ቀድቼ አጠጣታለሁ። ካልነፋ፣ ማለትም እሁድና በዓል፣ ወንዝ ትወርዳለች። ሕጉን ያወጣው አባዬ ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግጦሹ ለፋብሪካና ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ አልቆ የቀረችን አንዲት ላም ናት፤ እሷንም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። እኔ ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጀሪካን መሸከም ደግሞ ሞቴ ነው። እሁድን የምወዳት ለቅዳሴው እንዳይመስላችሁ።

አንድ እሁድ፣ ጡሩምባው ስላልተነፋ፣ ላሟን ነድቼ ወረድኩ። ጠጥታ ጠገበች። ስንመለስ ከወንዙ በሞተር እየሳበ ጎመን የሚያለማው ጎረቤታችን ከማሳው እየሮጠ መጣ።

«ፋብሪካው ዛሬ ሥራ የለም ብለው የኬሚካል ገንዳ እያጠቡ ወደ ወንዙ እየለቀቁት ነው! ውሃው ሲሸተኝ ሞተሬን አጠፋሁ። ላሟን እንዳታጠጫት!»

«እሺ» አልኩት። የላሟ አፍ ገና ይንጠባጠብ ነበር።

ለአባዬ መንገር ነበረብኝ፤ ፈራሁት። ደግሞም ላሟ ደህና ትመስላለች፣ እያመሰኳች ዝንቧን ታባርራለች። ምንም አትሆንም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አመሻሽ ላይ አባዬ ላሟን አለባት። ጡቷ ደርቆባት የስድስት ወር ልጇን በላማችን ወተት የምታሳድገው ተከራያችን ጆጓን ይዛ መጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወተቱን ወስዳ ስትሄድ «ደህና እደሪ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ ቃል ሁሉ እስከ ዛሬ የማፍርበት እሱ ነው።

ጠዋት ላሟ ድርቆሹን አልነካችም። አባዬ ጆሮዋን ዳሰሰና «ብርድ መትቷት ይሆናል» ብሎ ማለብ ጀመረ። ተከራያችን ጆጓን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሊቀዳላት ሲያዘነብል ጮህኩ።

«አባዬ፣ እንዳትሰጣት! ትናንት ከወንዝ ጠጥታለች። ገንዳ እያጠቡ ነበር።»

በጥፊ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ወተቱን መሬት ላይ ደፋው።

«እሁድ ደህና ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። ተከራያችን ግን ወደ እሱ አላየችም።

«ማታ ስወስድ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

ዓይኔን መሬት ላይ ወደተደፋው ወተት መለስኩ። ጆጓን ጥላ ወደ ልጇ ሮጠች።

ልጁን ሁለት ቀን አስመለሰው፤ ከዚያ ዳነ። ከወተቱ ይሁን ከሌላ ያወቀ የለም። ላሟ በሳምንቱ ሞተች፣ አባዬም አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ተከራያችን ወሩ ሳያልቅ ቤቱን ለቀቀች። ዕቃዋን እስከ መኪናው ድረስ አገዝኳት። ፍራሹን ስታስተካክል ልጁን ልያዝልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«አይ፣ ተዪው» አለችኝና ልጁን በአንድ እጇ እንደታቀፈች ፍራሹን በሌላው ጎተተችው።