በሩን የሚዘጉት መምህርት

ዶክቶራ ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ የክፍሉን በር ራሳቸው ዘግተው በመዳፋቸው ገፋ ያደርጉታል። ያኔ ሁላችንም ሴቶች ነንና ኒቃባችንን እንገልጣለን። የመን፣ ኤደን ከተማ ውስጥ ስለ ባልና ሚስት አልጋ ሳያፍሩ የሚያስተምሩ ሌላ የሥነ ልቦና መምህርት አላውቅም። አንዲት አዲስ ሙሽራ፣ “ባሌን እፈራዋለሁ፤ ነውር ነው?” ብትላቸው፣ “ምኑ ነውር ነው፣ ሐቢብቲ? ቀስ በል በይው” አሏት።

ሂና ሚስት ለባሏ የምትዋብበት ቀለም ነውና፣ እጃቸውን አዲስ ሂና በተቀቡ ቁጥር ተማሪዎቹ፣ “ባልየው ከጅዳ መጥቷል፤ ዛሬ ፈተናው ይቀላል” እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። እሳቸው እየሰሙ የፈተና ወረቀቱን ያድላሉ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው፣ ድሬዳዋ ያደጉ ናቸውና በአማርኛ መለሱልኝ።

“ባል እንደሌለኝ ብትጽፊ ግድ የለኝም። ሂና ቤት የምመላለሰው ግን ሴትየዋ ቀብታ እስክትጨርስ እጄን ይዛልኝ ስለምትቆይ መሆኑን እንዳትጽፊው፣ የኔ ልጅ።”