የአባ ቀርሜሎስ ዶማ

አባ ቀርሜሎስ ሰቆጣ የገቡት ካቶሊክ ፍለጋ ከሆነ ቦታ ስተዋል። ከተማው ውስጥ ያለው ካቶሊክ ከአዲግራት በኩል ለሥራ የመጣ አንድ ሁለት መምህርና አንዲት ነርስ ነው፤ እነሱም ዝውውር ሲያገኙ ይሄዳሉ። የቀረው ሕዝብ አጥቢያው የተያዘ፣ የንስሐ አባቱ የታወቀ ነው። ማልታ ከምትባል፣ ባሕር መሃል ካለች ደሴት የተነሡት ቄስ ግን መጡ፣ ቤት ተከራዩ፣ የገጠሩን የውኃ ፓምፕ እየዞሩ መጠገን ጀመሩ፤ ጎልማሳ ሆነው መጥተው ይኸው እዚሁ ሸበቱ። ለምን አገርዎ አይገቡም የሚላቸው ሲበዛ «ፓምፑ መች አርፎ» ይላሉ።

ሰፈርተኛ ያደረጋቸው ግን ፓምፑ ሳይሆን ቅሬው ነው፤ ሰፈሩ ተባብሮ ሟቹን የሚቀብርበት ማኅበር። በመጡ በዓመታቸው አንድ ጎረቤት ሞተና፣ ነጭ ልብሰ ተክህኖአቸውን ለብሰው፣ መጽሐፋቸውን ታቅፈው ከቀብሩ ቦታ ከተፍ አሉ። በአገራቸው ቄስ ቀብር የሚሄደው እንዲያ ሆኖ ነውና ምን ያድርጉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የአጥቢያው ቄስ ወልደ ሐዋርያት ፍትሐታቸውን ገታ አድርገው ቀና አሉ። ያኔ የቅሬው ዳኛ ይስማው ጠጋ ብሎ እጃቸውን ያዘና «አባ፣ ለፍትሐቱ ካህን አለን። የጎደለን ዶማ የሚይዝ ነው» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሳቸው ልብሳቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ ከመጽሐፉ ጋር ድንጋይ ላይ አኖሩና ዶማውን ተቀበሉ። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ የሰቆጣን ጭንጫ እንደ አገሬው ሰው ገመሱት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ያለ እሳቸው የተቆፈረ መቃብር ጥቂት ነው። ሰዉም «የእኛ አባ ሲሰብኩ የሚሰማቸው የለም፤ ሲቆፍሩ ግን የሚያህላቸው የለም» እያለ ያሾፍባቸዋል። እውነት ስለሆነ አብረው ይስቃሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ከቅሬው ጋር ተጣሉ። አባታቸው ሲሞቱ ወሬውን አበርገሌ መንገድ ላይ በስልክ ሰሙ። መኪናቸውን አቁመው፣ ከጎማው ሥር ተቀምጠው ብቻቸውን አለቀሱ፤ ሲመሽ እንባቸውን ጠርገው ቤታቸው ገቡ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉ። ከሳምንታት በኋላ ነገሩ ሲሰማ ቅሬው ተሰብስቦ ከሰሳቸው። «የእኛን ሬሳ እየቀበሩ የራስዎን ለቅሶ ይደብቁናል? ባዳ ነን?» አለ ይስማው፤ እንዲያ ሲቆጣ ታይቶ አያውቅም። አባ አጥፍቻለሁ ብለው ጎንበስ አሉና ታረቁ። ዳግመኛ መርዶአቸውን ብቻቸውን ላይሰሙ ቃል ገቡ፤ አዲስ አበባ ያሉት አለቃቸውም ይህን ሲሰሙ የይስማውን ስልክ ቁጥር ያዙ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቃል ነበረባቸው። ከደሴቲቱ ሲነሡ እናታቸው አላለቀሱም፤ አትሂድም አላሉም። «ሂድ፤ ብቻ እኔን የምትቀብረኝ አንተ ነህ» አሏቸው። እሺ ብለው ወጡ። ቤታቸውን የያዘችላቸው ታይቱ ይህን ታውቃለች። እናትየዋ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የአባ ፊት እንደሚለዋወጥም ታውቃለች።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ረቡዕ አባ ፃግብጂ ወረዳ ፓምፕ ሲጠግኑ ውለው እጃቸው ግራሶ በግራሶ ሆኖ አመሻሽ ላይ ገቡ። ታይቱ አስታጠበቻቸውና ሽሮውን አቀረበች፤ ከጎኑ ደግሞ በሳህን ነጭ ማር አኖረች። ያ ማር እንግዳ ካልመጣ አይከፈትም። ስልካቸውን ሊሰኩ ቢፈልጉ ቻርጀሩ ከቦታው የለም። ይስማው ያለ ጉዳይ መጥቶ ደፍ ላይ ተቀመጠ። እሱን ተከትላ ባንቺ፣ የሰፈሩ አልቃሽ፣ ደኅና አመሹ ብላ ጥግ ያዘች።

አባ ስንቱን አብረው አርድተዋል። ሰው በባዶ ሆዱ አይረዳም፤ በማታም አይረዳም፣ ሌሊቱ ይረዝምበታል። መርዶ ንጋት ላይ ነው፤ ወዳጅ ዘመድ ደጁን ሞልቶ፣ ደግፎ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ። ዋዜማውን ማታ ግን አንድ ሰው ሐዘንተኛው ቤት ደፍ ላይ ይቀመጥና እስኪበላለት ድረስ ስለ ዝናብ ያወራል። እሳቸውም ተቀምጠው አውርተው ያውቃሉ። አሁን ይስማው ስለ ዝናብ እያወራ ነው።

የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አኖሩት።

«አያ ይስማው፣ በማታ እንደማይነገር አውቃለሁ» አሉ። «እናቴ ከሆነች ግን ዛሬውኑ ልወቅ። ነገ ላሊበላ አውሮፕላኑ ላይ ካልደረስኩ አልቀብራትም።»

ታይቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መጀመሪያ ይብሉ፣ አባ» አለ ይስማው።

በሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ ማሩ ሳይቀር፣ አንድም ሳያስተርፉ በሉ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ይስማው ተነሥቶ ትከሻቸውን ያዘና «እናትዎ ዐርፈዋል። ቀብራቸው ዓርብ ነው» አለ። ባንቺ ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ ደጅ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የቆመው ሰፈርተኛም ገባ።

ጎህ ሲቀድ ይስማው ራሱ አብሯቸው መኪና ውስጥ ገባ። በላሊበላ መንገድ የጋዝጊብላን ወረዳ ሳይጨርሱ ኬላ ላይ አቆሟቸው፤ ወደ ፊት መንገዱ ተዘግቷል፣ ተኩስ አለ ተባሉ። ይስማው ስለ እናት ብሎ፣ ስለ እመቤታችን ብሎ ለመነ። ጠባቂው ራሱ አዘነ። «አባቴ፣ ባሳልፍዎ ደስታዬ ነበር፤ ግን ሬሳዎን ነው የምንመልሰው» አላቸው። የአውሮፕላኑ ሰዓት እስኪያልፍ እዚያው ጠበቁ፤ ከዚያ ተመለሱ። በመንገዱ ሁሉ ይስማው ስለ ዝናብ አላወራም።

ሰፈሩ ድንኳን ተክሎ ጠበቃቸው። ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ እንባቸው ግን ደርቆ ነበር። ባንቺ ለሙሾዋ እንዲሆናት «እናትዎ ምን ይወዱ ነበር?» ብላ ብትጠይቃቸው «አልቀበርኳትም» ብቻ አሏት።

ዓርብ ጠዋት ከከተማው ዳር ካለው የጦርነት ተፈናቃዮች መጠለያ ሰው መጣ። ወለተ ገብርኤል የሚባሉ ከአበርገሌ የመጡ ባልቴት ዐርፈዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ተከዜ ማዶ ነው፣ መሻገሪያ የለውም። ይስማው የሚቆፍሩትን ጠራና አባን አለፋቸው፤ ሐዘንተኛ ዶማ አይነካም። እሳቸው ግን ከፍራሹ ተነሥተው ከድንኳኑ ወጡ።

«አባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ሐዘን ላይ ነዎት» አለ ይስማው።

«ልጃቸው አልደረሰም አይደል?»

«ከየት ይደርሳል።»

«እኔ አለሁ» አሉ አባ።

ደንብ አዋቂው ይስማው ዶማውን ሰጣቸው። ቆፈሩ። ሌሎቹ እናግዝዎ ቢሉ እንቢ አሉ። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ፍትሐቱን አድርሰው ሬሳው ሲወርድ፣ ይስማው አካፋውን ከሁሉ በፊት ለአባ አቀበላቸው፤ የልጅ ቦታ አቆማቸው ማለት ነው። በዚያው ቀን ደሴቲቱ ላይ አንድ የማያውቁት ሰው እናታቸውን አፈር ያለብሳል። ይህን ሲያስቡ የደረቀው እንባ መጣ፤ እያለቀሱ አፈሩን መለሱ፤ ባንቺም ማንን እያለቀሰች እንደሆነ ሳትለይ ለሁለቱም አለቀሰችላቸው።

ሲመለሱ አባ ይስማውን ወደ ኋላ አስቀሩት።

«ልጅየውን ማን ያረዳዋል?»

«መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። እኛው ነን እንግዲህ።»

አባ ዶማውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወሩ።

«ሲመጣ እኔ ቤት አምጡት» አሉ። «ታይቱ ማር ታውጣለት። መጀመሪያ ይብላ።»