አባቴን ያሸከምኳቸው ድንጋይ

ዝናብ የመታው ድንጋይ ሲሸተኝ ዛሬም አባቴ ትዝ ይሉኛል። በቀደም ግንበኛው የአጥሬን ካብ ሲያድስ ለብቻዋ ያኖርኳትን አንዲት ድንጋይ አንሥቶ፣ «እትዬ፣ ይቺን ማዕዘን ላድርጋት?» ቢለኝ፣ «ተው! እንዳትነካብኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ ምስኪን። ምኑን ያውቃል?

አባቴ የደብራችን ቄስ ነበሩ። የአንዲትን ባልቴት የገብስ ማሳ፣ ልክ እሸቱ ሲያጓጓ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ነጥቆ ለአማቹ ሰጠባት። አባቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ «ይህቺ ሴት እያለቀሰች ‹ሰላም ለኵልክሙ› ማለት ከበደኝ። መሬቷ ይመለስላት!» አሉ። እኛም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ፊርማ አሰባሰብን። ፊርማውን ይዞ ቀበሌው ቢሮ የገባው ታላቅ ወንድሜ እንደገባ ታሰረ።

እናቴ እህል አልቀምስ አለች። ያኔ እኔ፣ ብልጥ ነኝ ባይዋ፣ መላ አመጣሁ። በአገራችን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀ፣ ደም ያለበት እንኳ ቢሆን ምሕረት ሳያገኝ አይመለስም፤ የተበደለው ተነሥቶ ድንጋዩን ያወርድለታል።

«አባ፣ ድንጋይ ተሸክመው ቢሄዱ እኮ ሊቀመንበሩ ወንድሜን ይለቀዋል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ነው። እኔ ማንን በደልኩ?»

«ለልጅዎ ሲሉ!»

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ እንዳይከብዳቸው ብዬ ትንሿን።

ሊቀመንበሩ የአገራችን ሰው ነው፤ ወጉን አሳምሮ ያውቃል። ግን ከወንበሩ አልተነሣም። አባቴ ጥምጥማቸው በላብ እየራሰ እስከ ቀትር ፊቱ አጎንብሰው ቆሙ። አንገታቸው ሲንቀጠቀጥ በበሩ አያለሁ። በኋላ ጸሐፊውን ጠርቶ፣ «ጻፍ! ቄሱ ሕዝብ ማሳደማቸውን አምነው፣ ድንጋይ ተሸክመው መጥተዋል» አለ። እግዜር ያሳያችሁ! ወንድሜ ከእስር ወጣ፤ አባቴ ገቡ። ድንጋይዋን ደጅ ጥለዋት አገኘኋትና ይዣት ተመለስኩ።

የአካባቢያችን የሞላሌ ገበያ ሁሉ «ባያጠፉማ ይሸከሙ ነበር?» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ባልቴቷ አፉን የሚከፍት ጠፋ፤ ገብሷንም አማቹ አጨደው።

የእስር ቤቱ ብርድ ሳንባቸው ገባ። በሐምሌ ሬሳቸውን ሰጡን።

በአርባቸው ያቺኑ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ መቃብራቸው ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ካፊያው ይወርዳል፤ እርጥቧ ድንጋይ አፍንጫዬ ሥር ትሸታለች። ብዙ ቆምኩ። ማን ያውርድልኝ? ሲመሽ በገዛ እጄ አወረድኳት።